አረጋውያንና የእጅ ስልክ

የሰው ልጅ የሚሠራበት መሣሪያ በየዘመኑ እየተለዋወጠ መሄዱ የታወቀ ነው። አባቶች በብራና ላይ በመቃ ብዕር የጻፉትን ልጆች በማተሚያ መኪና አባዙት፤ በእግረኛ መልእክተኛ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረውም ወሬ በሽቦ ላይ እየሄደ ወዲያው የሚደርስ ሆነ። በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፤ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት፤ ስልክ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ተናጋሪው ሳይታይ ድምፁ ብቻ መሰማቱ ያስደነገጣቸውና የርኩስ መንፈስ ሥራ የመሰላቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ጥቅሙን መርምረው አጸኑት፤ ከጊዜም በኋላ የእነዚያው ሰዎች ልጆች ያለ ስልክ መሥራት የማይችሉ ሆኑ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ፤ ዛሬም በከተማና በገጠር፤ በገበሬውም በካህኑም እጅ ይገኛል።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ ስልክ ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚል አይደለም። ባለ ቁልፉን ስልክ ለብዙ ዓመት ይዘው የኖሩ አዛውንት አባቶችና እናቶች፤ መስተዋቱን በጣት በመንካት ወደሚሠራው ስማርት ስልክ ይለፉ ወይስ በያዙት ይጽኑ የሚል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የጡረታ ገንዘብ መቀበልና መላክ፤ ጉዳይ ማስፈጸም፤ በሩቅ አገር ካለ ልጅ ጋራ መገናኘት ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ቀላል ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ የአዲሱን ስልክ ጥቅም ያለ አድልዎ መመልከት ይገባል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በዋሽንግተን፤ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የሚኖሩባቸው አባት በባለ ቁልፉ ስልክ ድምፃቸውን ብቻ ይሰማሉ፤ በአዲሱ ግን መልካቸውን ያያሉ። ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ሲጀምር፤ ልጅቱ በማዕርግ ስትመረቅ በዐይናቸው ማየት ለእርጅና ዘመን ትልቅ መጽናኛ ነው። ዐይናቸው የደከመባቸውም ሰዎች ፊደሉን አግንነው ያነባሉ። ማንበብ የማይችሉት ደግሞ ቃላቸውን በድምፅ ቀርጸው ይልካሉ። ከዚህም በቀር ብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች የአገሩን ፊደል ስለማያሳዩ፤ አማርኛው በላቲን ፊደል እየተጻፈ የሚመጣላቸው፤ ለማንበብም የጎረቤት ልጅ የሚለምኑ ሊቃውንት አልታጡም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ኮምፒዩተሮች የፊደል ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፤ በዛሬዎቹ ስማርት ስልኮች ላይ ያለ ችግር ይነበባል፤ ይጻፋልም።

የአሮጌው ስልክ ጥቅም ደግሞ ሊናቅ አይገባውም። ባትሪው አንድ ጊዜ ከተሞላ ቀናት ይቆያል፤ ቢወድቅ ቶሎ አይሰበርም፤ በጨለማ መብራት ይሆናል፤ ቁልፎቹም በእጅ ዳሰሳ ይታወቃሉ። አዲሱ ስልክ ግን በየዕለቱ ቻርጅ ይፈልጋል። ጥቅል ሳይገዙ ዳታውን ክፍት አድርገው ቢተዉት የሞሉት ካርድ አንድ ቃል ሳይናገሩበት ሊያልቅ ይችላል። መብራት አዘውትሮ በሚጠፋበት አገር ለሚኖሩና ለሐኪም ወይም ለዘመድ ፈጥኖ መደወል ለሚያስፈልጋቸው አረጋዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙ ሰዎች የማያውቁት ሌላ ነገርም አለ። ገንዘብ በስልክ ለመላክና ለመቀበል የግድ ስማርት ስልክ መግዛት አያስፈልግም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ቴሌብር በማናቸውም ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ኮከብ 127 መሰላል በመደወል ይሠራል፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ደንበኞች በኮከብ 889 መሰላል ሒሳባቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥርም፤ ተመዝጋቢው በአካል ቀርቦ አሻራውን፤ የዐይኑን ብሌንና መልኩን ካስመዘገበ በኋላ፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሳል፤ ይህንንም መልእክት ባለ ቁልፉ ስልክ ይቀበላል። ስለዚህ ስማርት ስልክ ካልያዝህ ገንዘብህን አታንቀሳቅስም እየተባሉ ከትንሽ አበላቸው ላይ ብዙ አውጥተው የገዙ አረጋውያን የተነገራቸው ሁሉ እውነት አልነበረም።

እንግዲህ ፍርዱ በምን ይሁን? ዕቃን የሚያስመርጠው የሚፈለግበት ሥራ ነው። ቤተ ዘመዳቸው በአቅራቢያቸው ያለና በስልክ የሚሠሩት ሥራ መደወልና መቀበል ብቻ የሆነ አዛውንት በያዙት ቢጸኑ ከዘመን ወደ ኋላ ቀሩ አይባሉም። ልጆቻቸው በባሕር ማዶ ያሉባቸው እናት ግን ሊያዩአቸው እየወደዱ፤ አልችልም በሚል ፍርሃት ብቻ ቢከለከሉ በከንቱ ተጎዱ። ጎረቤት ስለ ያዘ ብሎ መግዛትም ሆነ፤ በሽምግልናዬ ከልጅ አልማርም ብሎ እንቢ ማለት ሁለቱም ከምክር የራቁ ናቸው። ምርጫ የሚጠፋው መረቡ ራሱ ሲዘጋ ነው። በአሜሪካ ታላላቆቹ የስልክ ኩባንያዎች የሦስተኛውን ትውልድ መረብ በ2022 እ.ኤ.አ. በዘጉ ጊዜ፤ በዚያ አገር የሚኖሩ ብዙ አረጋውያን የያዙት አሮጌ ስልክ ስለማያገለግል ወደዱም ጠሉም ለመለወጥ ተገደዋል።

ለመለወጥ የቆረጡ ሰዎች አለመቸኮላቸው መልካም ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል ሳይለይ ወደ ንባብ፤ ንባብም ሳይጸና ወደ ዜማ የሚያልፍ ተማሪ የለም። በአዲሱ ስልክም እንዲሁ አስቀድሞ መደወልና መቀበልን፤ ቀጥሎ መልእክትን፤ ቀጥሎም መልክ እያዩ መነጋገርን መልመድ፤ የገንዘቡን ነገር ግን መጨረሻ ማድረግ ይሻላል። አዲሱ እስኪለመድ ድረስ አሮጌው ስልክ አይጣል። ቁጥሩ በሲም ካርዱ ላይ ስለ ሆነ ስልኩ ቢለወጥ አይለወጥም፤ የሰዎቹ ስምና ቁጥር ግን በአሮጌው ስልክ ሆድ ውስጥ ተመዝግቦ እንደ ሆነ አብሮ ሊቀር ስለሚችል፤ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ገልብጦ መያዝ ብልህነት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የምስጢር ቁጥር ነው። ሽልማት ደርሶዎታል፤ ወይም ከባንክ ነው የምንደውለው እያሉ፤ በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልን የሚሉ ሌቦች በዝተዋል። በአነጋገራቸው ትሑታን፤ በአጠራራቸው አክባሪዎች ስለ ሆኑ የዋህ ሰው በቶሎ ያምናቸዋል። የምስጢር ቁጥር ማለት ግን የሹም ማኅተም፤ የዕቃ ቤትም ቁልፍ ማለት ነው። ማኅተሙን ለመንገደኛ የሚያውስ ሹም፤ የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ገበዝ የለም። ሠላሳና አርባ ዓመት መንግሥትን አገልግለው በ60 ዓመታቸው ጡረታ የወጡ ሰው የወር አበላቸውን በአንድ ጥሪ ቢያጡ፤ እንደ ወጣት ሠርተው የሚተኩበት ጉልበት የላቸውም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከቤተሰብ ምክር አልፎ ወደ ሹማምንት ይደርሳል። መንግሥት ሥራውን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማፋጠኑ የሚመሰገን ነው፤ ሰልፍን ያሳጥራል፤ ጉቦንም ያሳንሳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ መሆኑ ቀርቶ በስልክ እንዲሆን በተደረገ ጊዜ፤ በጥሬ ገንዘብ መገበያየትን ብቻ ያውቅ የነበረ ሰው ሁሉ አዲሱን መንገድ መማር ግድ ሆኖበታል። በዚያው ዓመት የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ም ብዙ ጉዳዮችን ወደዚሁ መንገድ የሚያቀርብ ነው። ነገር ግን በመስኮት የተቀመጠ ጸሐፊ ለመጡት አዛውንት፦ በስልክዎ ይሙሉት፤ ካልቻሉ ልጅ ይዘው ይምጡ፤ ብሎ ቢመልሳቸው ምን ይሆናል? ልጅ ያላቸው ልጃቸውን ይጠራሉ። ልጅ የሌላቸው ግን በበሩ ላይ ለቆመው ደላላ ስልካቸውንና የምስጢር ቁጥራቸውን አብረው ያስረክባሉ። በኋላ ገንዘቡ ቢጠፋ ጥፋቱ የሌባው ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌውን ወደ እርሱ የሰደደው መሥሪያ ቤትም ከነገሩ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም።

ስለዚህ ማናቸውም መሥሪያ ቤት ሥራውን ወደ ስልክ ሲያዛውር ሦስት ነገር እንዲጠብቅ ይገባል። አንደኛ፤ በስማርት ስልክ የሚሠራው ጉዳይ በባለ ቁልፉም እንዲሠራ መንገድ ማበጀት። ሁለተኛ፤ ስልክ ለሌላቸው ወይም ለማይችሉት በአካል የሚስተናገዱበትን አንድ መስኮት ክፍት ማድረግ። ሦስተኛ፤ የምስጢር ቁጥራቸውን ሳይጠይቅ አረጋውያንን የሚረዳ፤ ስሙ በደረቱ ላይ የተጻፈ፤ የታወቀ ሠራተኛ ማቆም። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው አሳቢ ሹም ነው።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ሕዝቡ የንስሐ አባቱን ቃል ከነጋዴ ማስታወቂያ ይልቅ ያምናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ፤ የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ የሚል አንድ ቃል ቢነገር የብዙ ባልቴቶች ገንዘብ ይድናል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም በሳምንት አንዲት ሰዓት አረጋውያንን ለማስተማር ቢመደቡ እንደ ምጽዋት የሚቈጠር ሥራ ይሆናል። ልጆችም ስልኩን ገዝተው በመላክ ብቻ የወላጅን ዕዳ የከፈሉ አይምሰላቸው። ስልኩን ያለ ትዕግሥተኛ አስተማሪ መስጠት መጽሐፍን ያለ መምህር መስጠት ነው። እናት አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ብትጠይቅ፤ የመጀመሪያይቱን ቃል ለልጇ ስንት ጊዜ ደጋግማ እንዳስተማረችው ማስታወስ ይገባል።

በምኒልክ ዘመን ስልክን የተጠራጠሩት ሰዎች ጥቅሙን ባዩ ጊዜ ተቀበሉት፤ የዛሬዎቹም አረጋውያን ጥቅሙን በዐይናቸው ካዩና የሚያስተምራቸው ካገኙ የሚጠቅማቸውን ለይተው ይወስዳሉ። ምርጫው ግን የራሳቸው ይሁን። አዲሱን የመረጡ ያለ ስርቆት እንዲጠቀሙበት፤ በአሮጌው የጸኑም ከመንግሥት ደጅ እንዳይመለሱ ማድረግ የሹማምንትና የካህናት፤ የልጆችም ሥራ ነው።