ከዊንዶውስ 10 ማብቂያ በኋላ፦ የተቋማትን የኮምፒውተር መተግበሪያዎች ወደ ክፍት ምንጭ የማሸጋገር ጉዳይ

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ስርዓተ ክወና ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ማሻሻያው እንዲቀጥልላቸው የሚፈልጉ ተቋማት ለመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፍሉ የተተመነ ሲሆን፣ ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢበዛ ለሦስት ዓመታት ይዘልቃል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ልዩ የደህንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ በርካታ ነባር ኮምፒውተሮች አይቀበሉትም።

ይህ ሁኔታ የመንግሥት ተቋማት ወደ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ይሸጋገሩ ወይ የሚለውን የቆየ ጥያቄ ዳግም አንስቷል። ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በፈቃድ ክፍያ ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ ተቋማትን ከአንድ ኩባንያ ጋር አጥብቀው የሚያስሩት ለዓመታት የተገለገሉባቸው መተግበሪያዎች ናቸው። የደመወዝ፣ የንብረትና የሠራተኛ ማኅደር ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ላይ ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው ከተጻፉ፣ ተቋሙ ያለክፍያ የሚገኝ ስርዓተ ክወና ቢጭንም የዕለት ሥራውን ማከናወን አይችልም።

የኮዱ መከፈት ብቻውን ለምን አይበቃም?

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቪዥዋል ቤዚክ 6 በርካታ የቢሮ መተግበሪያዎች የተጻፉበት መሣሪያ ነበር። ኩባንያው ለመሣሪያው የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 አቋረጠ። ተተኪው ዶት ኔት ከቀድሞው ጋር በቀጥታ ስለማይጣጣም፣ ተጠቃሚዎች ፕሮግራማቸውን በአብዛኛው እንደገና ከመጻፍ ወይም ድጋፍ በሌለው መሣሪያ ከመቀጠል አንዱን ለመምረጥ ተገደዱ።

ዶት ኔትም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በደረጃ ወደ ክፍት ምንጭ ተቀይሯል። የፕሮግራም መስኮቶች የሚሠሩባቸው ዊንዶውስ ፎርምስና ደብሊው ፒ ኤፍ የተባሉ ማዕቀፎች ምንጭ ኮድም እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ ተለቅቋል። ሆኖም ሁለቱም ማዕቀፎች ዛሬም የሚሠሩት በዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ተቋም “ክፍት ምንጭ እንጠቀማለን” ከማለቱ በፊት የመረጠው ማዕቀፍ በሌላ ስርዓተ ክወና ላይ መሥራት አለመሥራቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። አቫሎኒያ የተባለው ክፍት ማዕቀፍ በሲ ሻርፕ የተጻፈውን የሥራ ሕግ እንደያዘ መስኮቶቹን ብቻ በአዲስ መልክ ለመሥራት ያስችላል። ኪዩትና ጂ ቲ ኬ ደግሞ በሌሎች የፕሮግራም ቋንቋዎች እንደገና መጻፍ ለሚመርጡ የቆዩ አማራጮች ናቸው።

ከጀርመን የሚገኝ ትምህርት

የሙኒክ ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሸጋገር ወስኖ፣ በአሥር ዓመታት ውስጥ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን አሸጋግሯል። በየመምሪያው የተበተኑ የሰነድ ቅጾችን ለማስተዳደርም ዎልሙክስ የተሰኘ የራሱን መሣሪያ ሠርቷል። ነገር ግን በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ የሙያ መተግበሪያዎች ሙሉ በሙሉ ሳይተኩ በመቅረታቸው ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን ማስተዳደር ግድ ሆነ። ምክር ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ።

ሽሌስቪግ ሆልስታይን የተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ የሥራ ኮምፒውተሮችን ለማሸጋገር ሲወስን፣ በቅድሚያ የጽሕፈት ሶፍትዌሩን ወደ ሊብረ ኦፊስ መቀየርን፣ ስርዓተ ክወናውን ደግሞ በኋላ መተካትን መርጧል። ሠራተኛው በሚያውቀው ኮምፒውተር ላይ አዲሱን መተግበሪያ እንዲለማመድ ዕድል የሚሰጥ ቅደም ተከተል ነው።

የአገራችን ልዩ ሁኔታ

ክፍት ምንጭ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ሞሲፕ በተባለ ክፍት መድረክ ላይ የተገነባ ሲሆን፣ የጤናው ዘርፍም ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨውን ዲ ኤች አይ ኤስ 2 ለመረጃ አያያዝ ይጠቀማል። በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ የተጫኑት የቆዩ ፕሮግራሞች ግን ሁለት ልዩ ጥንቃቄዎችን ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች የግዕዝ ፊደላትን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በእነሱ የተጻፈ መዝገብ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ሆኖ ይታያል። ፕሮግራሙ በተሳካ ሁኔታ ተሸጋግሮ የባለጉዳዩ ስም የማይነበብ ከሆነ ሽግግሩ ከሽፏል ማለት ነው። ወደ ዩኒኮድ ከተቀየረ በኋላም “ኃይሉ” ተብሎ የተመዘገበ ሰው “ሀይሉ” ተብሎ ሲፈለግ እንዲገኝ የፍለጋ ሥርዓቱ ሊስተካከል ይገባል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ዶት ኔት ከራሱ ጋር ይዟቸው በሚመጡት የቀን መቁጠሪያዎች ውስጥ የኢትዮጵያው የለም። ስለሆነም ባለሙያዎች የጳጉሜንን አምስትና ስድስት ቀናት የሚያሰላ ኮድ በየራሳቸው ሲጽፉ ቆይተዋል። አይ ሲ ዩ የተባለው ክፍት የፕሮግራም ስብስብ በአንጻሩ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያካትታል። ይህ ጥቅም ቢሆንም አዲሱ ስሌት ከቀድሞው ጋር ተነጻጽሮ መፈተሽ አለበት። የአንድ ቀን ልዩነት የሠራተኛን የጡረታ መውጫ ወይም የይግባኝ ጊዜ ማብቂያ ሊያዛባ ይችላል።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተነሱት ተሞክሮዎች የሥራ ቅደም ተከተል ያመለክታሉ። በመጀመሪያ ተቋሙ ምን ምን መተግበሪያ እንዳለው፣ ምንጭ ኮዱ በማን እጅ እንደሚገኝ ይመዝግብ። ቀጥሎ መረጃው ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ቅርጸት ይቀመጥ። ከዚያም የሥራው ሕግና ስሌት ከመስኮቶቹ ተለይቶ ይውጣ፤ መስኮቶቹ በአዲሱ ማዕቀፍ ይሠሩ። በመጨረሻም አሮጌውና አዲሱ ፕሮግራም ጎን ለጎን እየሠሩ ቢያንስ አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት ውጤታቸው ይነጻጸር።

ሽግግሩ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ለፈቃድ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ከፊሉ ለባለሙያ ሥልጠናና ለጥገና መዋሉ አይቀርም። ልዩነቱ ገንዘቡ በተቋሙ ውስጥ የሚቀር ዕውቀት መፍጠሩ ነው። ሽግግሩን ዛሬ የማይጀምሩ ተቋማትም ቢሆኑ በሚቀጥለው የሶፍትዌር ግዥ ውላቸው ላይ የምንጭ ኮድ ርክክብንና የመረጃ ቅርጸትን የሚመለከት አንቀጽ ማካተት ይችላሉ። የዜጋው መዝገብ የሕዝብ ሀብት እንደመሆኑ፣ ተነባቢነቱ በአንድ ኩባንያ የድጋፍ ማብቂያ ቀን ላይ ሊመሠረት አይገባም።