ስለ አካል ጉዳት ካሣና ስለ 1,000 ብሩ ወሰን

ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤

በመኪና አደጋ አካሉ ተጎድቶ፣ ስብራቱ ከተጠገነ በኋላም ሕመሙ አልለቀው ያለ ሰው ከሕግ ምን ያህል ካሣ እንደሚያገኝ፣ ይልቁንም የመንግሥት ሠራተኞች ጓደኞቼ እንዲረዱት በማሰብ የጻፍሁትን ይህን አስተያየት በአንባቢያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎተራ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳም እስከ ጀሞ የሚመላለሰው ተሽከርካሪ ብዛት ለማንም የተሰወረ አይደለም። የተገጨው ሰው ሆስፒታል ይገባል፤ አጥንቱ ይጠገናል፤ ድኗል ተብሎም ይሰናበታል። ዳሩ ግን ወገቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው የሚያድረውን ሰው ሕመም ራጅ አያሳየውም። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ከ3 ወር በላይ የሚቆየውን ሕመም በራሱ መደብ መዝግቦታል፤ ከአደጋ በኋላ የሚቀረውም ሕመም በዚያው ውስጥ ስፍራ ተሰጥቶታል። እንግዲህ «ሥራ ጠልቶ ነው» የሚለው የቢሮ ሐሜት ከሕክምናው ዕውቀት ወደ ኋላ የቀረ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብዙ ነገር ተበዳዩን የሚረዳ ነው። በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል። ቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል፤ በቁጥር 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይከፈላል። የመድኃኒትና የመመላለሻ ወጪ፣ የቀረም ገቢ ካለ፣ በዚህ በኩል ይጠየቃል። ደረሰኙን የጣለ ሰው ግን በችሎት ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

ችግሩ ሕመሙ ራሱ ሲመዘን ይመጣል። ዳኛው በቁጥር 2113 መሠረት ለተጎዳው ሰው የሕሊና ጉዳት ካሣ ሊፈርድለት ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥር 2116 ይህ ካሣ በማናቸውም ምክንያት ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር ስለነበር 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ለአንድ ጸሐፊም የብዙ ወር ደመወዝ ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም፤ 10 ኪሎ ማኛ ጤፍ እንኳ አይገዛም።

ይህ ወሰን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እኛን የወር ደመወዝተኞችን ይመስለኛል። ነጋዴው ሱቁ ሲዘጋ፣ ሾፌሩ መሪ መጨበጥ ሲያቅተው የቀረበትን ገቢ ቆጥሮ ያቀርባል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ወገቡን በመቀነት አስሮም ቢሆን ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ደመወዙ አልተቋረጠምና የቀረ ገቢ የለውም ይባላል። የቀረው ሕመሙ ብቻ ነው፤ የሕመሙም ዋጋ በሕግ ታውቋል።

ወሰኑ ቢነሣ ባለ አንድ ሚኒባስ ደኃ ይጠፋል የሚሉ አሉ። አባባላቸው ፍሬ ነገር የለውም አልልም። ሆኖም የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው ይህን ሸክም ከአንድ ሰው ትከሻ ለማውረድ አይደለምን? ደግሞም ወሰኑን ከኑሮው ጋር ማስተካከልና ጨርሶ ማንሣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ጊዜ መጠበቅ ያሻል። በቁጥር 2143 ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣና የወንጀሉ የይርጋ ዘመን የሚረዝም ከሆነ ግን በዚያው ይቆጠራል። በሠፈራችን «ዛሬ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል» እያሉ፣ በሽማግሌም እየተለመኑ፣ ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሽምግልናው መልካም ነው፤ ግን ይርጋውን አያስቆመውም። የሕክምና ማስረጃውንና የሐኪሞች ቦርድ የሚሰጠውን የጉዳት መጠን በጊዜው ማስጻፍ ይገባል።

የፍትሕ ሚኒስቴር ይህን የ1,000 ብር ወሰን ለማሻሻል ያሰበው ነገር ካለ በዚሁ ጋዜጣ ቢገልጥልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ