ለቆቦ ሜዳ የመብራት ሰዓት ይቆረጥለት

በሰሜን ወሎ፣ በቆቦ ሜዳ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ማታ ወደ መኝታው ሲሄድ የአንድ አምፖል ማብሪያ ሳያጠፋ ይተዋል። አምፖሉ ከጉድጓዱ አጠገብ ባለችው የፓምፕ ቤት ላይ የተሰቀለ ነው። እሱ ከበራ መብራት መጥቷል ማለት ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ይሁን ዐሥር ሰዓት ተነስቶ ይሄዳል። ደርሶም ፓምፑን ወዲያው አያስነሳም። ብርሃኑ ፈዞ እንደሆነ፣ ከሦስቱ የኃይል መስመሮች (ፌዝ) አንዱ ጎድሎ እንደሆነ መጀመሪያ ያያል። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ሞተር በሁለት ከተነሳ ይግላል፤ ቶሎ ካልጠፋም ይቃጠላል። የተቃጠለውን ሞተር ከጉድጓድ አውጥቶ፣ አስጠቅልሎ እስኪመልሰው ድረስ ሽንኩርቱ አይጠብቀውም።

የመብራት ታሪፍ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ሁሉ ብሩ ላይ ነው። ቆቦ ሜዳ በሚገኝበት በራያ ቆላ ግን ከብሩ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መብራቱ የሚመጣው ስንት ሰዓት ነው?

በአሜሪካና በጀርመን ብዙ ትንንሽ ከተሞች የራሳቸው የመብራት ድርጅት አላቸው። በአሜሪካ ዋጋውን ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው የከተማው ምክር ቤት ወይም ነዋሪው የመረጠው ቦርድ ነው፤ ቅር ያለው ደንበኛ የቦርድ አባሉን ገበያ ላይ አግኝቶ ይሞግተዋል። ኢትዮጵያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በ1948 የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ ሥራው በአንድ አገር አቀፍ ድርጅት እጅ ቆይቷል። በ2006 ድርጅቱ ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ከፍተኛ ማስተላለፊያው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። ታሪፉ ግን አንድ ሆኖ ቀጠለ። ቦሌ ያለ ቤትና ቆቦ ያለ ቤት እኩል ከተጠቀሙ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍሉት እኩል ነው።

ይህ እኩልነት ሊጠበቅ ይገባል። ቆቦ፣ ሮቢትና ጎብዬን የመሰሉ የሜዳው ከተሞች የየራሳቸውን መስመር ወጪ ከየራሳቸው ደንበኛ ብቻ ይሸፍኑ ቢባል፣ ደንበኛው ጥቂት፣ ሽቦው ረጅም ስለሆነ ከአዲስ አበባ በላይ ይከፍሉ ነበር። ፍትሕ የሚጓደለው እዚህ ላይ አይደለም። ዋጋው እኩል ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ እኩል አለመሆኑ ላይ ነው።

የታሪፍ ጭማሪው ያለ ምክንያት መጣ ማለትም አይቻልም። ታሪፉ ከ1998 እስከ 2011 አልተነካም። በነዚያ ዓመታት አንድ ዶላር ከ9 ብር በታች ተነስቶ 28 ብር ገደማ ደርሷል፤ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው ደግሞ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በ2011 የተጀመረው የአራት ዓመት ማስተካከያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት 0.2730 ብር የነበረውን ዋጋ ሳይነካ አለፈ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማስተካከያ መጥቷል።

50 ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ያውቀዋል። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ቢጋገርበት በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ለአምፖል፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን የሚተርፈው 8 ብቻ ነው። በአንድ ግቢ ሦስትና አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ደግሞ ለድሃ ተብሎ የተቀመጠው እርከን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልቃል፤ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ድሃ ድጎማው አይደርሰውም። ለተከራይ ቆጣሪ ማስገባት ከየትኛውም የታሪፍ ማሻሻያ በላይ ይጠቅመዋል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። በ1966ና በ1977 ድርቅ ክፉኛ የተጎዳው ይህ ቆላ ከሥሩ ውኃ አለው። በዞብል ተራራ ግርጌ ባለው ሜዳ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላና ጤፍ ሲያበቅል ኖሯል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ፓምፕ ገብቶላቸው፣ የጠብታና የርጭት መስኖ ተዘርግቷል። ያ ውኃ ራሱ አይወጣም፤ የሚያወጣው ወይ መብራት ነው፣ ወይ ናፍጣ።

ልዩነቱን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ሄክታር ሽንኩርት በአንድ የበጋ ወቅት 5,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል እንበል። ውኃው ከ60 ሜትር ጥልቀት ቢሳብ፣ የሞተሩና የፓምፑ ብክነት ታስቦ ለአንድ ሜትር ኩብ 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ጠቅላላው 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቀድሞው ማስተካከያ መጨረሻ «አጠቃላይ» ለተባለው የታሪፍ ክፍል በነበረው ዋጋ፣ በ2.124 ብር ሲባዛ 3,186 ብር ይሆናል። ትንሽ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚያመነጭ፣ ለዚያው ውኃ 500 ሊትር ያስፈልጋል። ናፍጣ በሊትር ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ ይህ ከ50,000 ብር በላይ ነው።

የመብራቱ ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ 10,000 ብር አይሞላም። መብራት ግማሹን ሰዓት ጠፍቶ ግማሹ ውኃ በናፍጣ ከወጣ ግን ገበሬው ለናፍጣው ብቻ 25,000 ብር ይከፍላል። ለሸለቆው ውዱ መብራት የጠፋው መብራት ነው።

ይህን ሜዳው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሥጋው አይቶታል። ከ2013 ማብቂያ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ቆቦ በጦርነት ውስጥ ስትቆይ መብራት ተቋረጠ፤ ፓምፑም ወፍጮውም ቆመ። በ2014 ክረምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ እንደገና ሲነሳ የመጀመሪያው ግንባር እዚሁ አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም የጥገና ሠራተኛ እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ አድርጎታል። ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻውን የማይፈታው ችግር ስላለ፣ በእጁ ያለውን መጠየቅ ይበልጥ ተገቢ ነው።

በእጁ ካለው አንዱ የፓምፑን መስመር ከከተማው መስመር መለየት ነው። የሕንዷ ጉጅራት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ባካሄደችው የጂዮቲግራም መርሐ ግብር የመንደሩን ማከፋፈያ መስመርና የእርሻውን ማከፋፈያ መስመር ለየች። መንደሩ ቀንና ሌሊት መብራት አገኘ፤ እርሻው ደግሞ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ሙሉ ሦስት ፌዝ፣ አስቀድሞ በታወቀ ሰዓት። በአሜሪካ የነብራስካ ግዛት፣ መብራቱ ሁሉ በሕዝብ ድርጅቶች እጅ ባለበት፣ ፍላጎት በሚበዛበት ሰዓት ፓምፑ እንዲጠፋ የፈቀደ ገበሬ ቅናሽ ያገኛል።

ለቆቦ ሜዳ የሚስማማው ሌሊቱ ነው። ምሽት ምጣዱና አምፖሉ ሁሉ አንድ ላይ ይሠራል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጭነቱ ይቀንሳል። ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ስምንት ሰዓት ለፓምፕ ቢቆረጥ፣ ገበሬው ማጠራቀሚያ ገንዳውን ሌሊት ሞልቶ ቀን ያጠጣል። ይህ ሰዓት የራሱ ዋጋም ይገባዋል። በ2011 የወጣው ታሪፍ መኖሪያ ቤት፣ አጠቃላይ፣ ኢንዱስትሪና የመንገድ መብራት ብሎ ሲከፍል ለመስኖ የተለየ ስም አልሰጠም። በምግብ ራስን መቻል የዘወትር መፈክር በሆነበት አገር ይህ ክፍተት ሊደፈን ይገባል።

ዋጋው ግን ነፃ መሆን የለበትም። በሕንዷ ፑንጃብ ለእርሻ መብራት በነፃ ሲሰጥ ገበሬው ያለ ልክ ሳበ፤ የከርሰ ምድር ውኃው ከዓመት ዓመት ወረደ። የራያ ጉድጓድም ማለቂያ የሌለው አይደለም። እያንዳንዱ ፓምፕ ቆጣሪ ይኑረው፤ ቆጣሪው ብሩን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም ይጠብቃል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለግንባታው ሕዝብም ገንዘብ አዋጥቷል፤ የሰሜን ወሎ ገበሬም ከአዋጪዎቹ አንዱ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ የሚሄደው 230 ኪሎቮልት መስመርም በዚሁ ሸለቆ ያልፋል። ከትልቁ ምሰሶ እስከ ፓምፕ ቤቷ ያለው ጥቂት ኪሎሜትር ነው ሥራ የሚጠብቀው።

ቀጣዩ የሦስት ወር ጭማሪ ሲለጠፍ ከአጠገቡ ሁለተኛ ወረቀት ይለጠፍ፤ ባለፉት ሦስት ወራት በቆቦ፣ በሮቢት፣ በጎብዬና በዋጃ መስመር መብራት ስንት ሰዓት ነበረ፣ ስንት ሰዓት ጠፋ የሚል። በጠፋው ሰዓት ልክ ከጭማሪው ይቀነስ። የፓምፑ ሰዓትም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ያ ገበሬም ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፓምፑን አስነስቶ፣ አምፖሉን አጥፍቶ ይተኛ።