የታመመ እግር በመናፈሻ ቅጽር

ወንጌላዊው ሉቃስ በሙያው ሐኪም ነበርና፣ በግብረ ሐዋርያት በ3ኛው ምዕራፍ፣ መልካም በምትባለው በመቅደስ ደጅ ምጽዋት ይለምን የነበረውን፣ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረውን ሰው ቅዱስ ጴጥሮስ ቀኝ እጁን ይዞ ባስነሣው ጊዜ የሆነውን ሲተርክልን፣ ሰውዬው ዳነ ብሎ ብቻ አያልፍም፤ እግሩና ቁርጭምጭሚቱ እንደ ጸኑ ለይቶ ይመሰክራል። ይህን ምንባብ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ልቡናዬ ዘወትር የሚያርፈው በተአምሩ ላይ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በሕመም ላይ ሆኜ ሳነበው ዓይኔን የያዘው ከተአምሩ አስቀድሞ በአጭሩ የተጻፈ ነገር ነው፤ ይኸውም ያን ድውይ በየዕለቱ ተሸክመው ከመቅደሱ ደጅ የሚያስቀምጡት ሰዎች መኖራቸው ነው። ስማቸው አልተጻፈም፣ ዘመዶቹ ይሁኑ ጎረቤቶቹ አልተነገረንም፤ ሆኖም እነርሱ ባይሸከሙት ኖሮ ሐዋርያው በዚያ ሲያልፍ ድውዩ በደጁ ባልተገኘም ነበር። ዛሬ ልጽፍ የወደድሁት ሌላውን ስለ መደገፍና፣ ከዚህም ይልቅ በሌላው ለመደገፍ እሺ ስለ ማለት ነው፤ ነገሩን ያየሁበትም ስፍራ መቅደስ ሳይሆን በፍሎሪዳ ምድር ለሕፃናት ደስታ የተሠራ ትልቅ መናፈሻ ነው።

በበረዶው ወራት አንድ ማለዳ፣ በሜሪላንድ ከምኖርበት ቤት ደጃፍ ስወርድ በደረጃው ላይ የረጋው በረዶ አንሸራተተኝና ቀኝ እግሬ ወደ ውስጥ ታጥፎ ወለም አለኝ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ነገር ግን በውጭ በኩል ቁርጭምጭሚትን አቅፈው ከሚይዙት 3 ጅማቶች የፊተኛው ተበጥሶ ተገኘ፤ አብዛኛውም ወለምታ የሚጎዳው ይህንኑ ጅማት ነው። በእኛ ዘንድ ወለምታ ወጌሻ በቅቤ አሽቶት የሚያልፍ ቀላል ነገር መስሎ ይታያልና፣ ሐኪሙ ያስረዳኝን ለአንባቢ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። እብጠቱ ከጎደለና ሕመሙ ከታገሠ በኋላም፣ እግር በምን አኳኋን እንደ ቆመ ለአንጎል የሚያስታውቁት ጥቃቅን ነርቮች ገና ስላላገገሙ፣ እግሩ ለጥ ያለውን መሬትና ጎርበጥባጣውን ፈጥኖ መለየት ይሳነዋል፤ ዳነ የተባለው እግር ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወለም የሚለውም ስለዚህ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በታመመው እግሬ ብቻ መቆምን እንድለማመድ ያዘዘችኝ ይህንኑ ስሜት ለመመለስ ነበረ። በማድ ቤት ውስጥ የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት ጣት ነክቼ ስቆም፣ ቁርጭምጭሚቴ ወዲያና ወዲህ እየተንቀጠቀጠ ሚዛኑን ሲፈልግ፣ ጣቶቼም ምንጣፉን ሲጨብጡ፣ ከፊቴ ካለው ግድግዳ ላይ በአንድ እግራቸው ቆመው የሚጸልዩትን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሥዕል አያለሁ፤ ገድላቸው 7 ዓመት ብሎ የሚተርከውን ያን አቋቋም፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንኳ መቆም ተስኖኝ ባየሁ ጊዜ፣ ከዚህ በፊት ያልተሰማኝ ፍርሃትና አክብሮት አደረብኝ።

የልጆቹ የትምህርት ዕረፍት ሲደርስ፣ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው የፍሎሪዳ ጉዞ ነገር በቤታችን ተነሣ፤ ምክሩም በሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ወዳጅ «አንተ ቤትህ ዕረፍ፣ እነርሱ ይሂዱ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ቻል አድርገህ አብረህ ሂድ፣ የልጆቹን ደስታ አታጉድል» ይላል። ሁለቱም ምክር ከፍቅር የመነጨ ነበር፤ እኔ ግን አንዱንም አልተቀበልሁም። የፊተኛው ሕመምተኛውን ከደስታው ማኅበር ይለየዋል፤ የኋለኛው ደግሞ ሕመሙን በሆዱ ይዞ ሌላው እንዲደሰት እንዲያነክስ ይፈርድበታል። በእኛ ሕዝብ ዘንድ የሚበዛው ይህ ሁለተኛው ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ከኋላ የሚከተል፣ ጥርሱን ነክሶ ፈገግ የሚል፣ ማታ ጫማው ሲወልቅ እግሩ አብጦ የሚገኝ አባት ወይም እናት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ይሉኝታ ትልቅ ጌጣችን መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ወዳጅ የታመመውን እንዳይደግፍ እጁን የሚያስርበት ጊዜ አለና፣ በዚያን ጊዜ ፍቅርን ያጎድላል እንጂ አይጠብቅም። ስለዚህ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጬ እንድሄድ ወሰንሁ።

የሄድንበት ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ የሚገኝ ሲሆን፣ የታሪኩ አጀማመር ራሱ ሰው ሰውን ስለ መደገፍ የሚናገር ነው። ዋልት ዲዝኒ የመጀመሪያውን መናፈሻ በካሊፎርኒያ በአናሃይም በ1955 እ.ኤ.አ. ከከፈተ በኋላ፣ በፍሎሪዳ ከዚያ እጅግ የሚሰፋ ሌላ ሊሠራ መሬት ገዝቶ ሲዘጋጅ በ1966 በዲሴምበር ሞተ፤ ጡረታ ሊወጣ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮይ ግን ዕረፍቱን አዘግይቶ የወንድሙን ሐሳብ በትከሻው ተሸከመና በኦክቶበር 1971 ለፍጻሜ ካበቃው በኋላ፣ በዚያው ዓመት በዲሴምበር እርሱም ዐረፈ። ስፍራው ረግረግ ስለ ነበር፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ሐይቅ ሲቆፍሩ የወጣውን አፈር ደልድለው መናፈሻውን ከመሬት ከፍ አድርገው ሠርተውታል፤ ሕዝቡ ከላይ ሲመላለስ ሠራተኞቹ ከሥር ባሉ መተላለፊያዎች ይመላለሳሉ። ይህን የመሰለ ደልዳላ መንገድ ለታመመ ቁርጭምጭሚት ምን ያህል ምሕረት እንደ ሆነ የሚያውቀው በኮረብታ ከተማ ያደገ ሰው ነው።

ደልዳላ ይሁን እንጂ ስፋቱ የጤነኛውንም ጉልበት ይፈትናል። ከመራመድም ይልቅ የሚጎዳው በሰልፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ መሆኑን እዚያ ተረዳሁ፤ ሰው ሲራመድ የባቱ ሥጋ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋልና፣ ዝም ብሎ ሲቆም ግን ፈሳሹ ወደ እግር ወርዶ ይከማቻል። ወንበሩ ከዚህ ያሳርፋል። ባለቤቴ ስትገፋኝ በዋናው ጎዳና ላይ የተዘረጋው የፈረስ ትራም ሐዲድ የወንበሩን ትንሿን የፊት ጎማ ዋጠውና ሁለታችንም ባለንበት ቀረን፤ አንዲት መጥረጊያ የያዘች ሠራተኛ መጥታ፣ ሐዲድ ሲያጋጥም ቀጥ ብሎ መሻገር እንጂ በሰያፍ መሄድ እንደማይገባ በትሕትና አሳየችን። በትዕግሥት ለሚቀመጥ ሰው የተሠሩ ትርኢቶችም አሉ፤ ለምሳሌ ስለ ሥልጣኔ ዕድገት የሚተርከው፣ አስቀድሞ ለ1964ቱ የኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ተሠርቶ በ1975 ወደዚህ የመጣው ቲያትር፣ መድረኩ ባለበት ጸንቶ የተመልካቹ መቀመጫ በዙሪያው የሚሽከረከርበት ነው። የመናፍስቱ ቤት በሚባለው ደግሞ ሠረገሎቹ ሳይቆሙ ስለሚነጉዱና መሳፈሪያው ወለል ራሱ ስለሚንቀሳቀስ፣ ለደካማ እግር አስጊ ነበር፤ ሆኖም ለአስተናጋጁ ሲነገረው ሂደቱን ያዘገየዋል። መናገር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ዝም ያለውን ሰው ግን ማንም ሊያውቅለት አይችልም።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ያየሁት በዚያው ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ኤፕኮት በተባለው ሌላ መናፈሻ ነው። በዚያ የ11 አገሮች አደባባይ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ተደርድሯል፤ ዙሪያውም ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከእኛ ጋር ከአገር ቤት የመጡት አማቴ ነበሩ፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሁላችን እናውቃለን፣ እርሳቸው ግን አንድም ቀን በአፋቸው ተናግረውት አያውቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የእጅ ቦርሳቸውን በደረታቸው ይዘው፣ ሜክሲኮንና ኖርዌይን በእግራቸው አልፈው ከቻይና አደባባይ ስንደርስ፣ አንድ ምሰሶ ተደግፈው ሥዕል የሚመለከቱ መሰሉ። «እማዬ፣ ለእርስዎም ወንበር እናምጣ» አልኋቸው።

«እኔ ምን ሆኜ? በጤናዬ የበሽተኛ ወንበር ላይ ልቀመጥ? ምን ያለ ሟርት ነው!» አሉ።

«እኔስ ተቀምጬ የለምን?»

«አንተማ እግርህን ታመህ ነው።»

ነገሩን የፈታችው ታናሿ ልጄ ናት፤ «እማማ፣ አንቺን እኔ ነኝ የምገፋሽ፣ አባባን እማዬ ትግፋው» ብላ እጃቸውን ያዘች። ሴት አያት ለልጅ ልጅ እምቢ ማለት አይሆንላትምና፣ ወንበሩ መጣ፤ አማቴም መጀመሪያ ጫፉ ላይ ብቻ፣ ጥቂት ቆይቶ ጀርባቸውን ደግፈው ተቀመጡ። በሞሮኮው አደባባይ፣ ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰን ከአገራቸው የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችን ልከው ያሠሩት የሸክላ ጌጥ በግድግዳው ታችኛ ክፍል ላይ ተለብጧል፤ ቆሞ የሚያልፈው ሕዝብ አይቶት ያልፋል፣ ለተቀመጠ ሰው ግን ልክ በዓይኑ አንጻር ነው። አማቴ ወንበሩን አስቁመው፣ ጥፍር የሚያካክሉትን ሸክላዎች በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይህ በእጅ የተለቀመ ነው፣ እንደ ስፌት ነው የሠሩት» አሉ፤ በወጣትነታቸው ሞሰብ ይሰፉ ነበርና ረጅም ጊዜ ከዚያ አልተነሡም። ማታ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ከሁላችን ይልቅ ስላዩት ነገር የተናገሩት እርሳቸው ናቸው፤ እንግዲህ በእግራቸው ሲሄዱ ሙሉ ቀን ያዩት ቀጣዩን ማረፊያ ብቻ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

በመናፈሻው ያለው ደረጃ አልባ መወጣጫ፣ ሰፊው የሰልፍ መተላለፊያ፣ ወንበር የሚያስገባው ጀልባ የባለሀብት ቸርነት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በማርች 12 ቀን 1990 በርካታ አካል ጉዳተኞች በዋሽንግተን ከካፒቶል ደረጃዎች ሥር ወንበራቸውንና ክራንቻቸውን ትተው፣ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ ወደ ላይ ወጡ፤ ከመካከላቸው አንዲት የ8 ዓመት ሕፃን ነበረች። በዚያው ዓመት በጁላይ 26 ቀን ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብረውን ሕግ ፈረሙ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እነዚያን ደረጃዎች ለእንግዶቻችን ስናሳይ የሕንጻውን ውበት እንነግራቸዋለን፤ ይህንንም ብንጨምርላቸው ፍትሕ ነው። ለአጭር ጊዜ ብቻ በወንበር የተቀመጥሁ እኔ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በወንበር የሚኖሩት በክርናቸው ባስገኙት መንገድ ላይ በምቾት ሄጃለሁና፣ ባለዕዳቸው ነኝ።

ይህን መብት ያረከሱትም አልጠፉም። በ2013 እ.ኤ.አ. አንዳንድ ባለጸጎች በዚሁ በዲዝኒ መናፈሻ ከሰልፍ ለመቅደም ሲሉ አካል ጉዳተኞችን በገንዘብ እየቀጠሩ ቤተሰብ አስመስለው እንደሚያስገቡ በጋዜጣ ተገለጠ፤ የዲዝኒ ኩባንያም በዚያው ዓመት ሥርዓቱን ለወጠ። ከድውይ ድርሻ መስረቅ ከነውር ሁሉ የከፋ ነው። ዛሬ በወንበር የተቀመጠ ሰው በአብዛኛው ከሌላው ጋር በዚያው ሰልፍ ተራውን ይጠብቃል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ወንበሩ የተሰጠው ለዕረፍት እንጂ ለብልጫ አይደለምና።

በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሆነው እንዲሠሩ ታዝዟል፤ አዲስ አበባ በየጊዜው አዳዲስ መናፈሻዎችን በምትከፍትበት በዚህ ዘመን፣ መሐንዲሶቻችን ንድፉን ሲያወጡ የአንዲት ጉልበቷን የሚያማት እናት አካሄድ በልቡናቸው ይሣሉ ብዬ እለምናለሁ።

በመጪው የትምህርት ዕረፍት ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ የምትወስዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ይደክምዎታል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ መልሱ የታወቀ ነው። ወንበሩን አምጥታችሁ ከአጠገባቸው አቁሙ፣ የሚገፋቸውንም ልጅ አስቀድማችሁ ምረጡ። ወንበር የሚከራየው ከመግቢያው በር አጠገብ ነው፤ ለቀደመ ስለሚሰጥና ቁጥሩም የተወሰነ ስለ ሆነ፣ በማለዳ ድረሱ።