«ብትበርም ፍየል ናት» የሚል ባልደረባ

ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ሆናለች። ድሮ ስሟ የሚነሣው በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር፤ ዛሬ ቢራ ይጠመቅባታል፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ በየማለዳው በውርጭ ውስጥ ሰርቪስ የሚጠብቀው ወጣት ብዙ ነው። ሥራ ሲበዛ የሥራ ክርክር መብዛቱ አይቀርም። የሚያሳስበኝ ክርክሩ ሳይሆን አከራከራችን ነው።

ሰሞኑን ለጉዳይ ወደ አንድ ድርጅት ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ሠራተኛ ከፈረቃ ኃላፊዋ ጋር ስትከራከር ሰማሁ። አርፍደሻል ተብላ ደመወዟ ተቆርጧል። እሷ ደግሞ የዘገየው ሰርቪሱ ነው ባይ ናት። «የጥበቃ መዝገቡ ይታይልኝ፤ ሁላችንም አብረን ነው የገባነው» አለች። ኃላፊው ምን ቢል ጥሩ ነው? «መዝገቡን የሚጽፉት ወዳጆችሽ ናቸው!» ጓደኞቿ ሲመሰክሩላት «ተመካክራችሁ ነው» አለ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ጎማ መቀየሩን ሲናገር ደግሞ «እኔ እዚህ ቤት ስቀጠር አንተ ገና ተማሪ ነበርክ» የሚል መልስ አገኘ። ጎማውና የሥራ ዘመኑ ምን አገናኛቸው? ከሩቅ ያያትን ወፍ «ፍየል ናት» ብሎ ተከራክሮ፣ ስትበር እያየም «ብትበርም ፍየል ናት» እንዳለው የተረቱ ሰው ማለት ይኸው ነው።

ግትርነት የአለቃ ብቻ ርስት አይደለም። የኅብረት ስምምነቱን ሳይገልጥ «መብቴ ነው» ብሎ ጠረጴዛ የሚደበድብም አለ። ጉዳቱ ግን የሁላችን ነው። የተበደለችው ልጅ ሥራ ትለቃለች፤ የለመደ እጅ ሲሄድ ማሽኑ ላይ ጀማሪ ይቆማል። ቂሙም ግቢ ውስጥ አይቀርም፤ በእኛ ከተማ ሁለቱ ተጣዮች እሑድ እድር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ሕጉ ለጩኸት ቦታ አልሰጠም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በማርፈድ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት እንኳ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድን፣ ለዚያውም በጽሑፍ እየተነገረው፣ ይጠይቃል። ቁጥርና ወረቀት ማለት ነው። «እኔ አውቃታለሁ፣ ሰነፍ ናት» ማለት ከሁለቱም አይደለም።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ የተጣላ ሰው መንገደኛውን ሳይቀር አስቁሞ «ዳኘን» ይል ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቆማሉ፤ በተጠየቅ ሙግት ጠያቂው ይጠይቃል፣ ተጠያቂው ይመልሳል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ውርርዱ ነው። ተሟጋቹ ለተናገረው ነገር ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ይወራረዳል። ፍየል ናት ለማለት በቅሎ ማስያዝ ቢያስፈልግ፣ ስንቱ ቀና ብሎ ደግሞ ባየ ነበር? እርግጥ ያ ሥርዓት እንከን አልነበረውም አልልም፤ አንደበተ ርቱዕ ድሃውን በቃል ብልጫ የሚረታበት ጊዜ ነበር። ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው፦ በባዶ መሟገት ዋጋ ያስከፍል ነበር። ዛሬ ግትሩን ግትርነቱ ምንም አያስከፍለውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ግትር ሰውን በክርክር አሸንፋለሁ ብሎ መድከም ከንቱ ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሟገተው ለነገሩ ሳይሆን ለክብሩ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ማንም «ተሳስቻለሁ» ብሎ አይመለስም። ስለዚህ ለብቻው ማነጋገር ይቀድማል። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «ምን ብናሳይዎ ይቀበሉናል?» መዝገብ ካለ መዝገቡ ይምጣ፤ ምስክር ካለ ምስክሩ ይጠራ። «ምንም ብታሳዩኝ አልቀበልም» ካለ ግን ክርክሩ እዚያው አልቋል። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ከፍ ማድረግ ለእሱ ማገዝ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምስክሩን ጽፎ ለሠራተኛ ማኅበሩ ማቅረብ፤ ካልሆነም የግል ክርክር ፍርድ ቤት አለው፣ የወል ክርክር አስማሚና ቦርድ አለው።

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እንላለን። ሰውን የሚያንገበግበው መረታቱ ሳይሆን ሳይሰሙት መረታቱ ነው። የድርጅት ኃላፊዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድራችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ አረፈደ፣ አበላሸ፣ ጠፋ የሚባለው በምን ማስረጃ እንደሚለይና ማን እንደሚያየው ጠብ ሳይነሣ በፊት ይጻፍ። ሁለቱም ወገኖች ባልተናደዱበት ቀን የተስማሙበትን ነገር፣ በተናደዱበት ቀን መካድ ያን ያህል ቀላል አይሆንም።