የተገዛ ጠመንጃ ሳይወለወል አይተኮስ

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ይገኛል። በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን በዓሉ ሲከበር ከከተማውም ከአካባቢው ገጠርም ሕዝቡ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ወቅቱ አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ ቀጥሎም የሠርጉ ወር የሚጠበቅበት ነው። ገበሬው እህሉን ሸጦ እጁ ገንዘብ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ በመሆኑ፣ ጠመንጃ የሚመኝ ሁሉ ምኞቱን ለመፈጸም የሚነሣውም በዚሁ ጊዜ ነው።

አርሶ አደሩ በሬውን ሳይቀር ሸጦ የገዛውን አሮጌ የወታደር ጠመንጃ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚያደርገው ነገር በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ከደጃፉ ላይ ይቆማል፤ ጥይት ያጎርሳል፤ ወደ ሰማይ ይለቃል። ጎረቤቱም «እንኳን ደስ ያለህ!» ይላል። ጠመንጃው ከየት እንደ መጣ፣ ስንት ዓመት እንደ ተቀበረ፣ በአፈሙዙ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ ሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ እንዲቀር የገበሬ ማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ግንባር ቀደም ሆነው እንዲሠሩ ማሳሰብ ነው።

በጎንደር ገጠር የሚገኘው መሣሪያ የብዙ ዘመን ክምችት መሆኑ የታወቀ ነው። አያቶቻችን ውጅግራና ለበን ይዘዋል። ምንሽርና ቤልጅግ የአባቶቻችን መመኪያ ነበሩ። ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የጣሊያን ጦር የያዘው መሣሪያ በአገሩ ላይ ተበትኖ ቀርቷል። የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላም አዋጅ ቁጥር 71/1968 የገበሬውን የጥበቃ ጓድ ስለ ፈቀደ፣ ከጦር ግምጃ ቤት የወጣ አሮጌ ጠመንጃ በየማኅበሩ ታድሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክላሽንኮቩ መጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተጀመረው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ መሣሪያው ይበልጥ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዘዋወር አድርገዋል። ስለዚህ ዛሬ «አዲስ ገዛሁ» የሚባለው ጠመንጃ ለገዢው አዲስ ይሁን እንጂ በራሱ የሃምሳና የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሊሆን ይችላል።

በቁስቋም ስለ ጠመንጃ ሲነሣ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ በዚሁ በእቴጌይቱ ግቢ ተቀምጦ ነበር። ከአንድ መኰንን ጋር በጠመንጃ ነገር ተከራክሮ፣ «በእኔ ጠመንጃ የጎረሰ የሞራ ሻማ በአንተ ጠመንጃ ካለው የብረት ጥይት ይበልጣል» እስከ ማለት ደረሰ። ነገሩ ከዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዘንድ ሲቀርብ የሻማ ቁራጭ አጉርሶ ተኮሰ፤ ሻማውም ሦስት ጋሻ በሳ፤ ቀጥሎም የዋርካ ጠረጴዛ በሳ። ብሩስ ይህን በመጽሐፉ ጽፎታል። እኛ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት የባሩድን ኃይል ነው። ለስላሳ ሻማ ጋሻ የሚያስበሳ ኃይል፣ አፈሙዙ በጭቃ ወይም በጨርቅ ተወትፎ መውጫ ሲያጣ በተኳሹ ዓይንና እጅ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ መደረግ የሚገባው ምንድን ነው? በቅድሚያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። አፈሙዙን ሰው፣ ከብትና ቤት ወደሌለበት አቅጣጫ መልሶ፣ ጣትን ከምላጩ አርቆ፣ ካዝናውን ማውለቅ፣ ከዚያም መቀርቀሪያውን ስቦ ጥይት የሚጎርስበትን ጉድጓድ በዓይን ማየትና በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በክላሽንኮቭ ዘንድ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካዝናው ሳይወልቅ መቀርቀሪያውን በመሳቡ ነው። አንደኛው ጥይት ሲወጣ ሁለተኛው ይጎርሳል፤ ባለቤቱ ግን ባዶ ያደረገው ይመስለዋል። «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ስንት ቤት እንዳፈረሰ መሪዎቹ በየሽምግልናው የሚያውቁት ነው።

ሁለተኛው ሥራ አፈሙዙን መመርመር ነው። መቀርቀሪያው ወልቆ ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ሲታይ ውስጡ እንደ መስተዋት ወለል ብሎ መታየት ይገባዋል። ተቀብሮ የቆየ ጠመንጃ ዝናብ እንዳይገባበት አፈሙዙ በጨርቅ የሚወተፍ ሲሆን፣ የቀበረው ሰው ሳይነግር ሊሞት ወይም ሊሸጠው ይችላል። የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ የተሰነቀረ አረር፣ የተርብ የጭቃ ቤት፣ የደረቀ ግራሶ ሊገኝ ይችላል። ብረቱ በአንድ በኩል አብጦ ወይም ተሰንጥቆ የታየ እንደሆነ ያ ጠመንጃ ዕቃ እንጂ መሣሪያ አይደለም፤ ፈጽሞ አይተኮስበትም። ሰደፉም ቢሆን ይታይ። ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ ሰደፍ ሲተኮስ ጉንጭ ላይ ይሰበራል።

ሦስተኛው መወልወል ነው። ከግምጃ ቤት የወጣ መሣሪያ ለብዙ ዓመት እንዲቀመጥ በወፍራም ግራሶ የተነከረ ይሆናል። ይህን በነጭ ጋዝና በጨርቅ ከላይም ከውስጥም፣ በተለይም ከመቀርቀሪያውና ከመቺው አጥርቶ ማውጣት ይገባል። መቺው በደረቀ ግራሶ ተይዞ ወደ ፊት ተገትሮ የቀረ እንደሆነ ምላጩ ሳይነካ፣ መቀርቀሪያው ገና ሲዘጋ ጥይቱ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ ሥራ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ፣ በደጅ ይሠራ።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። አሮጌ የወታደር ጥይት ሲተኮስ ማቀጣጠያው በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ብረቱንም ይበላዋል። ብዙዎቻችን ከተኮስን በኋላ ዘይት ቀብተን እናስቀምጣለን። ዘይትም ሆነ ነጭ ጋዝ ግን ጨው አያሟሟም፤ ዘይቱ ጨውን ከታች ሸፍኖት ዝገቱ በሥሩ ይሠራል። ጨው የሚለቀው በውኃ ነው። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን አፈሙዙን በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደጋግሞ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ስስ ዘይት መቀባት ነው ትክክለኛው መንገድ። ቅቤና ሞራም አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ሲከረፍፍ ብረቱን ያበላሻል። ሰኔ ገብቶ መስከረም እስኪጠባ ድረስ በደጋው ያለው እርጥበት ብርቱ በመሆኑ፣ በክረምት በየጊዜው አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ሊተኮስ ሲል ደግሞ ከአፈሙዙ ውስጥ ያለው ዘይት በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።

አራተኛው የጥይቱ ጉዳይ ነው። ክላሽንኮቭም ኤም 14ም «7.62» ይባላሉ። ነገር ግን የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር፣ የኤም 14ቱ 51 ሚሊ ሜትር ቁመት አላቸው። ቁጥሩ ተመሳሰለ ተብሎ የአንዱን ለሌላው ማጉረስ፣ አልገባ ያለውንም በግድ መግፋት በሕይወት መቀለድ ነው። ውጅግራን የመሰለ ጥንታዊ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ የዛሬውን ባሩድ ኃይል አይችልም። ቀለሁ አረንጓዴ የመታ፣ አንገቱ የተሰነጠቀ ወይም አረሩ የተነቃነቀ ጥይትም አይጎርስም። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ዝም ያለ እንደሆነ መቀርቀሪያውን ወዲያው መክፈት አይገባም። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት ስላለ አፈሙዙን ባለበት አቅጣጫ ይዞ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያም ፊትን አርቆ መክፈት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለፈሪ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ከራሳችን ጠመንጃ ይገኛል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ አሮጌ ምንሽሮች ወደ አሜሪካ ተሻግረው ለጥንታዊ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከእኛ ዘንድ ወደ ሰማይ ይተኮስ የነበረው ያው ጠመንጃ እዚያ ሲደርስ ግራሶውና አፈሩ እስኪለቅ ቀናት ሙሉ ይወለወላል፤ አዋቂ ሳያየው አይተኮስም። ጥንቁቅ የሆነው ሰው የመጀመሪያውን ጥይት በትከሻው አይሞክርም፤ ጠመንጃውን ጠርቆ አስሮ፣ ምላጩን በገመድ ከሩቅ ይስበዋል። ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ አፈሙዙ የማን እንደ ነበር ስለማያውቅ ነው። የእኛም አርበኛ አባቶች ቢሆኑ ጥይት የሚቆጥሩ፣ ጠመንጃቸውን እየወለወሉ የሚያድሩ ነበሩ። ጥይት ወደ ሰማይ የሚበትን አርበኛ ጠላት ሲመጣ ባዶ እጁን ይገኝ ነበር።

ወደ ሰማይ የተለቀቀ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም። ቀጥ ብሎ የወጣው ተመልሶ ሲወርድ የሰው ጭንቅላት ለመብሳት የሚበቃ ፍጥነት አለው። ዘንበል ብሎ የወጣው ደግሞ ይበልጥ የከፋ ነው፤ የረጅም ጠመንጃ ጥይት ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ከቁስቋም ኮረብታ ጫፍ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚያርፍ የከተማውን ቤቶች ቁልቁል ማየት ብቻ ይበቃል። በሠርግ ደስታ የተተኮሰው፣ ሠርጉን ባልሰማ ቤት ልቅሶ ያስገባል። በዚህ በስጋት ዘመን ደግሞ የአንድ ሰው የሙከራ ተኩስ ጎረቤቱን ያስደነግጣል፤ ገበያ ይበትናል፤ «ማን ተኮሰ?» በሚል ጥርጣሬ ሌላ ተኩስ ይጠራል።

ስለዚህ የማኅበርና የቀበሌ መሪዎች ምን ያድርጉ? በእኛ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ የሕጉ ነገር ለአባላት በግልጽ ይነገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሸጥንና መግዛትን ይከለክላል። ፈቃድ የሌለው ሰው ጠመንጃውን ከመወልወሉ በፊት ስለ ሕጋዊነቱ ያስብ። ቀጥሎም ማኅበሩ ተሰብስቦ በዕድሩና በሽማግሌው ፊት አንድ ስምምነት ያድርግ። ይኸውም አዲስ የተገዛ ማናቸውም ጠመንጃ መሣሪያ በሚያውቅ ሰው ሳይመረመር እንዳይተኮስ፣ ለሠርግ፣ ለልቅሶና ለበዓል ወደ ሰማይ መተኮስ ፈጽሞ እንዲቀር፣ የተላለፈም በዕድሩ ደንብ እንዲቀጣ ነው። በየቀበሌው በወታደርነት ያገለገሉ፣ መሣሪያ መፍታትና መግጠም የሚያውቁ ሰዎች አሉ። እነዚህን ጠርቶ ግማሽ ቀን ማስተማር ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

የልጆችም ነገር አይዘንጋ። ጠመንጃና ጥይት በአንድ ቦታ አይቀመጡ። ጠመንጃው ባዶውን ይሰቀል፤ ጥይቱ በቁልፍ ይዘጋ። አባት ሲወለውል አይቶ ያደነቀ ልጅ፣ አባት በሌለበት ያንኑ ለመሥራት እንደሚሞክር እናቶች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በመሆኑም በዚህ ጉዳይ ላይ በሚደረገው ስብሰባ ሴቶች ተገኝተው መናገር ይገባቸዋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ለመሪዎቹ ኅሊና እንተዋለን። በሬ ተሸጦ ጠመንጃ ሲገዛ እርሻው አንድ ጎኑን ያጣል። ያ ጠመንጃ በመጀመሪያው ቀን ተተኩሶበት አፈሙዙ ቢፈነዳ፣ ገበሬው በሬውንም፣ ጠመንጃውንም፣ ሞፈር የሚጨብጥበትን እጁንም በአንድ ቀን ያጣል። እጁን ያጣውን ገበሬ እርሻ የሚያርስለት፣ ልጆቹን የሚያበላለት ያው ማኅበሩ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የማዳበሪያውና የዘሩ ጉዳይ ሲነሣ ይህም አብሮ ይነሣ። በመጪው ኅዳር 6 ሕዝቡ ወደ ደብረ ፀሐይ ሲወጣ ከኮረብታው የሚሰማው የከበሮው ድምፅ ብቻ ይሁን።