«ሲስተሙ አይቀበልም» የሚለው ሰው ማነው?

ረጅም ነው። ጊዜ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ያንብበው።

በአገራችን ቢሮ መስኮት ላይ ሁለት መልሶች አሉ። አንዱ «ሲስተም የለም» ነው። እሱን ለምደነዋል፤ መብራት ሄዷል፣ ኔትወርክ ተቋርጧል፣ ነገ ተመለስ። ሁለተኛው «ሲስተሙ አይቀበልም» ነው። ዛሬ ልጣላ የመጣሁት ከዚህኛው ጋር ነው። ሲስተም በራሱ ጊዜ አልቀበልም አይልም። አትቀበል ብሎ ያዘዘው ሰው አለ። ሰውየው ስምም ወንበርም አለው፤ ከስክሪኑ ጀርባ ስለተቀመጠ ብቻ አናየውም።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የአይሲቲ መምህር ነኝ። (በዲፕሎማዬ መሳቅ የፈለገ ኮሜንቱ ክፍት ነው።) ኮምፒውተር ለድርጅት አስተዳደር የሚሰጠው ጥቅም ምንድነው ብዬ ስጠይቅ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘረዝሩልኛል፦ ፍጥነት፣ ትክክለኛነት፣ ወጪ መቀነስ። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል። ከግቢ ወጥተው በየቢሮው የሚያዩት ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ የሚችለውን እንስጠው። በፈጣን መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የመጣ ያውቀዋል። ስትገባ ካርድ ትወስዳለህ፤ ስትወጣ ታስረክባለህ፤ ኮምፒውተሩ የመጣህበትን ርቀትና የመኪናህን ዓይነት አይቶ ሒሳቡን ይነግርሃል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ምንም የምትወስነው ነገር የለም። አጎቷ ቢመጣም ሒሳቡ ያው ነው። እሰይ! ሕጉ አስቀድሞ የታወቀ ውሳኔ ለማሽን ይሰጥ። ታሪፉ ስንት ይሁን፣ በበዓል ዋዜማ ስንት መስኮት ይከፈት፣ ክፍያውን ሸሽቶ በአሮጌው የሞጆ መንገድ የሚሄደው ከባድ መኪና ምን ይደረግ የሚለው ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ በየትኛው ሰዓት ስንት መኪና እንዳለፈ ቆጥሮ ያሳይሃል። የሚወስነው ሰው ነው፤ ከተሳሳተም የሚጠየቀው ሰው ነው።

ይህን ልዩነት እኔ አልፈጠርኩትም። ሄርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1960 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። በ1971 ደግሞ ጎሪ እና ስኮት ሞርተን የሚባሉ ሁለት ምሁራን ውሳኔን ሦስት ቦታ ከፈሉት፦ ሕጉ የተቆረጠ፣ በከፊል የተቆረጠ፣ ያልተቆረጠ። ለአለቃ የውሳኔ ድጋፍ የሚሆን ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ሕጉ ሙሉ በሙሉ ያልተቆረጠበት ላይ ነው ብለው ነበር። ድጋፍ ነው ያሉት። አለቃውን ይተካል አላሉም፣ ይደብቀዋልም አላሉም።

አሁን ወደ ቤታችን። ትምህርት ሚኒስቴር ኢሚስ የሚባል የመረጃ ሥርዓት አለው። በየዓመቱ ፎርሙ ይመጣል፤ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት መምህር፣ ስንት መጽሐፍ፣ ውሃ አለ ወይ፣ መጸዳጃ አለ ወይ፣ ስንት ተማሪ አቋረጠ፣ ስንት ደገመ። ከትምህርት ቤት ይነሳና ደረጃ በደረጃ ሚኒስቴር ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ዓመታዊ የስታትስቲክስ መጽሐፍ ሆኖ ይወጣል። መጽሐፉን አልነቅፍም፤ በአገር ደረጃ ለሚያቅድ ሰው ያስፈልገዋል። ቁጥሩ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ለትምህርት ቤቱ ምን ሆኖ ተመለሰ? ጥያቄዬ ይኼ ነው። ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ፎርሙ የሚሞላው እንዲላክ ነው። «እስቲ አምና የላክነውን አውጡትና እሱን አይተን የዘንድሮውን እንወስን» ያለ ርዕሰ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ከተማውንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም፤ በስምጥ ሸለቆው ሐይቅ ዳር መሆኑ ይበቃል። የሦስት ዓመት የስም መጥሪያ ከሆም ሩም መምህራን ለምኜ ኤክሴል ላይ ከተትኩት። ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ፤ ግማሹ በእርሳስ የተጻፈ ነው፣ ግማሹ ሻይ ፈስሶበታል። የቀሪው ቁጥር ዓመቱን ሙሉ እኩል አልነበረም። ቲማቲምና ሽንኩርት በሚለቀምባቸው ሳምንታት እጥፍ ይሆናል። በገበያ ቀን የከሰዓቱ ፈረቃ ይራቆታል። ዓመቱ ሳያልቅ ያቋረጡት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ በእነዚያው የለቀማ ሳምንታት ደጋግመው የቀሩት ናቸው።

ይህን የግቢው ጥበቃም ያውቀዋል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ኤክሴሉ የጨመረው ስም ነው። የትኛው ልጅ ሊያቋርጥ እንደተቃረበ ከማቋረጡ ሁለት ወር በፊት ያሳያል። ያኔ ወላጁን መጥራት ይቻላል። ፈተናውን ከለቀማው ሳምንት ማሸሽ ይቻላል። የቀን ሥራው ለቤቱ ግድ የሆነበትን ልጅ ፈረቃ ማዛወር ይቻላል። ሦስቱም ብር አይጠይቁም። የተሰጠኝ መልስ «ጎበዝ መምህር፣ ግን ወደ በላይ የሚላከው ፎርም ላይ ይኼ ቦታ የለውም» የሚል ነበር። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ቀረ። ፈተናውም የለቀማው ሳምንት ላይ ዋለ። በሰኔ የተላከው ፎርም ላይ ያ ሁሉ ልጅ «ያቋረጠ» በሚለው ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር ሆኖ ተቀመጠ።

ቦታ የለውም! ለበላይ የማይላክ ነገር በግቢው ውስጥ እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው። ሲስተሙ የተሠራው ለሚወስን ሰው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ከልጁ አጠገብ ያለው ርዕሰ መምህር ይሆን ነበር። የተሠራው ግን ለሪፖርት ነው።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ሆነ፤ 29,909 ልጅ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ።

አገር ደነገጠ። እኔን ያስደነገጠኝ የአለቆቹ መደንገጥ ነው። እነዚያ ልጆች ከሰማይ አልወረዱም፤ አራት ዓመት ሙሉ ሮስተር ላይ ነበሩ። ሮስተሩ 75፣ 82፣ 88 ይላል። የትምህርት ቤቱ ማርክ አንድ ቦታ፣ የብሔራዊ ፈተናው ማርክ ሌላ ቦታ ተቀምጠው ሁለቱን ጎን ለጎን ያኖራቸው አልነበረም። ልጁ መለያ ቁጥር አለው፤ ትምህርት ቤቱም አለው። ሁለቱን ማገናኘት ለአንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ እንኳ አይበቃም። ክፍል ውስጥ 80 እየተሰጠ ፈተና ላይ 28 የሚመጣበትን ትምህርት ቤት በስሙ ያወጣው ነበር፤ የትኛው ትምህርት ዓይነት ላይ እንደሆነ ጭምር።

ለምን አልተደረገም? ኮምፒውተር ስላልነበረ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ሲገመገም «ስንት በመቶ አሳለፍክ» ተብሎ ነው የሚጠየቀው፤ እሱ ደግሞ መምህሩን ይጠይቃል። እኛ መምህራን መልሱን እናውቀዋለን፤ ማርኩ ይነሳል። ቁጥር ዱላ ሲሆን የሚመታው ሰው ቁጥሩን ያሳምረዋል። ከዚያ በኋላ የሰለለውን ቁጥር በሚያምር ግራፍ ብታወጣው የሚለወጥ ነገር የለም።

«ስለዚህ ሲስተሙን እናዘምነው» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ዲጂታል ኢትዮጵያ፣ ታብሌት፣ ዳሽቦርድ። አልቃወምም። ግን ራስል አኮፍ የተባለ ሰው በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ አለቆች የጻፈውን ልድገምላችሁ፦ ችግራቸው ዋናው የመረጃ ማነስ አይደለም፣ የማይረባው መረጃ መብዛት ነው። ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን የሰቀለ ኃላፊ አውቃለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ይበራል።

ስክሪኑ ሲከበር ደግሞ ምን እንደሚመጣ አይተናል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 አዲስ አበባ ለ25,791 ኮንዶሚኒየም በኮምፒውተር ዕጣ አወጣች። በቀናት ውስጥ ዕጣው ተሰረዘ፤ ያልቆጠቡ ሰዎች መረጃ ሲስተሙ ውስጥ መግባቱን የተናገረው ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ከእኛ ባሰ። ፖስታ ቤታቸው ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሲስተም ነበረው። ሲስተሙ ጉድለት አለ ሲል ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ሌባ ተባሉ፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰው ተፈረደበት። ጥፋቱ የሲስተሙ ሊሆን እንደሚችል ፍርድ ቤት የተናገረው በ2019 ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ኮምፒውተሩ ነው ያለው» የሚለው ቃል ከሰው ምስክርነት በለጠ።

እዚሁ አገራችን የተሻለ ነገር እንዳለም ልናገር። ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ብሎ ዲኤችአይኤስ2 የሚባለውን ሥርዓት ዘርግቷል። እንከን አለው፤ የጤና ባለሙያ ወዳጆቼ ያማርራሉ። ግን ሁለት ነገር እወድለታለሁ። ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት ከመዝገቡ ላይ ጥቂት ቁጥሮች በዕጣ እየተነሱ ከሪፖርቱ ጋር ይመሳከራሉ። የጤና ጣቢያው ቡድን ደግሞ በየወሩ ተቀምጦ የራሱን ቁጥር እንዲያይና እንዲወስን ይጠበቃል። ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት እዚያው ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በየቦታው በወጉ ይፈጸማል አላልኩም። ትምህርት ቤት ግን ሐሳቡ እንኳ የለም። የእኛ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የሚነበበው ከላይ የመጣ ደብዳቤ ነው።

ርዕሰ መምህራንን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይደለም። መምህር አይቀጥር፣ በጀት አያዛውር፣ የፈተና ቀን ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይጠይቅ። ሥልጣን የሌለውን ሰው በኮምፒውተር ውሳኔ ደግፍ ማለት ፈረስ ለሌለው ኮርቻ መስጠት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለከተማና ለዞን ትምህርት ኃላፊዎች ነው። እናንተ ትጠየቁ። የማቋረጡ ቁጥር ሲደርሳችሁ ምን ወሰናችሁ? ቀኑና ፊርማው የት አለ?

አንድ ቀላል ነገር እንጀምር። ለመስከረም የሚመጣው ፎርም ላይ ሁለት ረድፍ ጨምሩ። አንዱ የቀሪ ተማሪ ቁጥር በየሳምንቱ፣ ሁለተኛው «ይህን አይቶ የተወሰደ ውሳኔ፣ የወሰነው ሰው ስም»። ሁለተኛው ረድፍ ባዶ ሆኖ የመጣ ፎርም አይቀበሉት። ለዚህኛው «ሲስተሙ አይቀበልም» በሉ፤ እኔም አጨበጭባለሁ። የኤክሴሉን አሠራር የሚፈልግ ትምህርት ቤት ካለ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ እመጣለሁ። የትራንስፖርት ብቻ።